የመቀመጫ ዋጋ

ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ አባርቷል፤ የእግረኛው መንገድ ግን ገና አልደረቀም። እንዲያም ሆኖ በመንገዱ ዳር የተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል። ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች፣ ከሥራ የወጡ ወጣቶች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶች፣ ቦርሳ ያነገቡ ተማሪዎች ተቀምጠውበታል። አንድ አባት ትንሽ ልጁን ብስክሌት ያለማምዳል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ስኒ የያዘ፣ ቆሎ የሚቆረጥም ወይም ለውዝ የሚፈለፍል አንድም አላየሁም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እሳቸውም ይህንኑ ሲያስቡ ኖሯል መሰለኝ፣ "ሁሉም አምሮ ቡና ብቻ ጠፋ" አሉ።

ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ "አዲስ የተከፈተ ምን አለ?" ይሉኛል። መልሱ አያልቅም። ከቦሌ እስከ ሳር ቤት፣ ከሲኤምሲ እስከ ገርጂ ሁልጊዜ ሪባን የሚቆረጥለት ቤት አይጠፋም። ፎቅ አናት ላይ የተዘረጋ ላውንጅ፣ ግድግዳው በሰው ሠራሽ አበባ የተሸፈነ ካፌ፣ በርገርና ፒዛ ቤት፣ ሻዋርማ ቤት፣ ክትፎውን በጣባ ማቅረቡን ትቶ በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚያቀርብ ምግብ ቤት በየአቅጣጫው አለ። የአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ስለ አዲስ ቤት ስናወራ የምንጠያየቀው ግን ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙዚቃውና ስለ ጌጡ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ወንበሩ ማውራት እፈልጋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ስንት ከፍሎ፣ ለስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ይቀመጣል? የአንድ ከተማ መዝናኛ ደኅና መሆን አለመሆኑ ከዚህ የሚታወቅ ይመስለኛል።

አማርኛችን የዚህን ነገር ታሪክ በደንብ ይዞታል። "ቡና ቤት" ስንል ቡና የሚፈላበት ቤት ማለታችን አይደለም፤ ቢራና አረቄ የሚሸጥበት ነው። "ግሮሰሪ" በሌላው ዓለም ስኳርና ሳሙና የሚገዛበት ሱቅ ሲሆን እኛ ዘንድ ቆመንም ሆነ ተቀምጠን ቢራ የምንጠጣበት ነው። "ሆቴል" ደግሞ አንድም አልጋ ባይኖረው ምግብ እስካለው ድረስ ሆቴል ነው። አሁን "ላውንጅ" መጣ። እያንዳንዱ ስም የራሱን መቀመጫ ይዞ ነው የመጣው። ጠጅ ቤት ረጅም አግዳሚ ነበረው፤ ብርሌውን የያዘ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጥበታል። ቡና ቤት ከባንኮኒው ፊት ዱካ አኖረ። ግሮሰሪ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሲጨናነቅም የቢራ ሳጥን ዘርግቶ አስቀመጠን። ላውንጅ ያመጣው ሶፋ ነው፤ ሶፋው ላይ የሚቀመጡት አብረው የመጡት ብቻ ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ቀድሞ ላልያዘ ሰው ወንበር የለውም። ከአግዳሚው ወደ ሶፋው ስንሸጋገር ምቾት አገኘን። የማያውቁት ሰው "ጠጋ በሉልኝ" ብሎ አጠገብ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን እያጣን መጣን።

ከቤት ውጭ መብላት ራሱ በዚህ ከተማ ብዙ ዕድሜ የለውም። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው እቴጌ ሆቴል ዛሬም ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል ነው፤ የተሠራውም በ1898 ዓ.ም. ነው። ሲነገር እንደኖረው ሆቴሉ በተከፈተ ሰሞን ሰው ምግብ ከፍሎ መብላትን ነውር ቆጥሮት ደጁን አልረገጠም፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ገብተው በልተው ከፍለው ከወጡ በኋላ ነው ነገሩ የተለመደው። እንጀራ የሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን እንግዳ የሚስተናገድበት ነገር በሆነበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከዚያ ጣሊያን መጣና ሄደ፤ ማኪያቶውንና ፓስታውን፣ ፒያሳና ካዛንቺስ የሚሉትን ስሞች ትቶልን ነው የሄደው። ከጣሊያን በኋላ በተከፈቱት ቡና ቤቶች ውቤ በረሃ የሚባለው ሰፈር ገነነ፤ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር "ሌቱም አይነጋልኝ" የተባለውን መጽሐፉን የጻፈው ስለዚያ ሰፈር ሌሊት ነው። ደርግ ሲገባ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ወጥቶ መጨፈር የፈለገ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሰዓት እላፊው ቀርቶ ሌሊቱ ሲመለስ በካዛንቺስና በዮሐንስ አካባቢ አዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ፤ እኔ የጉዳዩ ሁሉ ሥር አድርጌ የምቆጥረው እሱን ነው። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎ ያወቅናቸው ትንንሽ ቤቶች፣ ማለትም ሽሮ ቤቱ፣ ክትፎ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ አዝማሪ ቤቱ፣ በአብዛኛው የተሠሩት በቀበሌና በኪራይ ቤቶች ውስጥ ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩ ለዓመታት ከገበያው ዋጋ እጅግ በታች ሆኖ ኖረ። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ይዞ፣ አንዱን ክፍል ጓዳ፣ አንዱን ማስተናገጃ አድርጎ ሽሮ የሚሸጥ ሰው ከደንበኛው ብዙ መጠየቅ አላስፈለገውም። ደንበኛውም አንድ ሽሮ በልቶ ወይም አንድ ቡና ጠጥቶ ሁለት ሰዓት ሲያወራ ቢቀመጥ የሚቆጣው አልነበረም። አዲስ አበባ ለምዳው የኖረችው ርካሽ ጨዋታ የቆመው በዚያ ርካሽ ኪራይ ላይ ነው። የሽሮ ቤቷ ባለቤት ደግ ስለሆነች ብቻ አልነበረም፤ ደግነቷን የሚሸከም ቤት ስለነበራት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማ እድሳት ሲጀመር መጀመሪያ የተነሣው ፒያሳ ነው። የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ የሚያውቅ ሰው ያንን ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ሥጋ ቤቶችና የቀይ ሽንኩርቱን ጢስ አይረሳም። ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተነሣ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ሌሎች ዳር ሰፈሮች ሄደ። በካዛንቺስ ስሙ የገነነውና ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃም ከሰፈሩ ጋር ለቀቀ፤ ሙዚቃውንም ወደ ሆቴል አዳራሽ ይዞ ገባ። ሥራው አለመጥፋቱ ደስ ይለኛል። ግን ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ የሚሠራው ሥራ ከክፍሉ ስፋት ጋር የተያያዘ ነው። ሃያ ሠላሳ ሰው በተጣበበበት ክፍል እያንዳንዱን እንግዳ ዓይኑን አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ደንበኛው "ተቀበል" ብሎ የሚሰጠውን ግጥም ከአፉ ነጥቆ ሰምና ወርቁን እዚያው ይሠራዋል። መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለት መቶ ሰው ፊት ሲቆም ዘፋኝ ይሆናል፤ ጨዋታው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት መቆም አለብኝ። የፈረሱት ሰፈሮች ገነት አልነበሩም። ሽንት ቤቱ ለስንትና ስንት ሰው አንድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከነቆሻሻው ጓዳ ይገባ ነበር፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። እሳት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ፒያሳ ታውቃለች፤ በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ እዚያው የነበረው የጃዝ አምባ የሙዚቃ መድረክም አብሮ ሄዷል። ሴት ልጅ ብቻዋን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በእነዚያ ጨለማ መንገዶች በሰላም አታልፍም ነበር። አሁን በአዲሱ የመንገድ መብራት ሥር ሁለት ሦስት ሆነው እየሳቁ ሲሄዱ የማያቸው ወጣት ሴቶች ይህን ከተማ ማታ ማታ ያገኙት ገና አሁን ነው። ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ እነዚህ ሁሉ ቤተሰብ ልጅ ይዞ የሚሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤተሰብ እሑድ ሲሆን ልጁን ይዞ የሚሄደው ወደ ዘመድ ቤት ነበር።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ምድር ቤቱ የሚከራየው በካሬ ሜትር በመሆኑ ላይ ነው። የምግብ ዝርዝሩን የሚጽፈው ወጥ ቤቱ ሳይሆን ኪራዩ ነው። ባለቤቱ ኪራይ፣ መብራት፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የጌጡን ብድር ከፍሎ እንዲተርፈው ከፈለገ ሽሮ ሊሸጥ አይችልም፤ ቢሸጥም "ስፔሻል ሽሮ" ብሎ ዋጋውን ቆልሎ ነው። ውስኪ፣ ኮክቴልና ትልቅ የሥጋ ትሪ መሸጥ አለበት። ደንበኛው ቶሎ በልቶ ቶሎ ካልተነሣ ይከስራል። አስተናጋጇ ባዶውን ብርጭቆ አንሥታ "ምን ልጨምር?" ስትል ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ገንዘብ ማምጣት አለበትና ነው። ሙዚቃው ጨዋታ እስኪገድል ድረስ የሚጮኸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ የሚያወራ ሰው ብዙ አያዝም።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው አይብ፣ ዘይት፣ ውስኪ፣ የቡና ማሽን መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ወጣ። በአዲሶቹ ካፌዎች አንድ ማኪያቶ ለመጠጣት የምከፍለው ገንዘብ መንገድ ዳር አራት አምስት ስኒ የጀበና ቡና ያጠጣኛል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ብር ነው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ታክሲና የልጅ ደብተር ሲቀነስ ለቅዳሜ ማታ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለም። በላውንጁ ውስጥ ሳህን የምታነሣው ልጅ ብዙውን ጊዜ የምትኖረው በቲፕ ነው፤ እዚያው የምታቀርበውን ራት ለራሷ ልትገዛው አትችልም።

ዕድሜም ሌላ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ በእኔ እምነት ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከተማችን የወጣት ከተማ ናት። የ19 ዓመት ልጅ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የት ይሂድ? የቀረለት ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ፑል ቤትና ጁስ ቤት ነው። መጠጥ የማይቀምሰው ሙስሊሙና ጴንጤውም ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ወገን ናቸው። ስለ አዲስ መዝናኛ የሚወጡት ማስታወቂያዎች እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም። ኦርቶዶክሱን እንኳ የሚያውቁት በግማሽ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከዚያም ሌላው ሁሉ ሲደመር ዓመቱን ሙሉ የሚጾመው ቀን ከማይጾመው አያንስም፤ ሆኖም በአዲሶቹ ቤቶች የጾም ምግብ ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ መስመር ነው። የድሮዋ ሽሮ ቤት ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር ገበያዋ የሚደራው።

ጥሩ ቤት የት አለ? ለሚለኝ ሰው እኔ የምለው አንድ ነው፤ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ሂድ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ ሂድ። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲሠሩ ምድር ቤታቸው ለንግድ ተትቶ ነበር፤ ከመሐል ከተማ የተነሣው ትንሽ ቤት ቀስ እያለ እዚያ ሰፍሯል። ሥጋ ቤቱ ከደጁ ከሰል አንድዶ ጥብሱን ያንጫጫል፤ ከአጠገቡ ድራፍት ቤት፣ ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ረከቦቷን ደርድራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን የምታጨስ ቡና አፍይ አለች። በርጩማው አጭር ነው፤ የተቀመጠ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ይገናኛል። ሹፌሩ፣ መምህርቷ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ሻምበል አንድ ረከቦት ዙሪያ ናቸው። አንድ ዓርብ ማታ ጀሞ እንዲህ ተቀምጬ የኮንዶሚኒየም ውኃ ለምን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ ከሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ተምሬያለሁ፤ በየትኛውም ላውንጅ ይህን አላገኝም። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ከውጭ ለመጣ ዘመድ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉ የባህል ምግብ ቤቶች አሉ፤ እስክስታውንም በየዓይነቱንም አንድ ላይ ያሳያሉ፤ እዚያ መሄድም ተገቢ ነው። ግን የዘወትር ቤት የሚሆኑት እነዚህ የምድር ቤት ደጆች ናቸው።

እነሱም ቢሆኑ ሥጋት አለባቸው። በመሐል ከተማ የሠራው ሰው ወደ ጀሞ ወይም ወደ አራብሳ ለመመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል፤ ቤቱ ሲደርስ የሚቀረው ጉልበት ለመተኛት ብቻ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አዲስ አበባ በጊዜ የምትተኛ ከተማ ሆና ቆይታለችና። ግን የጫማ መሸጫ በግድ ክፍት ሲሆን፣ ማታ ማታ መሥራት የምትፈልገው ቡና አፍይ በደንብ አስከባሪ እየተባረረች ጀበናዋን ይዛ ስትሮጥ ማየት አይገጥምም። አንዱን በቅጣት አስከፍተን ሌላዋን በቅጣት የምንዘጋ ከሆነ ሌሊቱን ለማን ነው የምናበራው?

ወደ ቅዳሜዋ አግዳሚ ወንበር ልመለስ። እኔ በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተከፈቱት መዝናኛዎች ሁሉ ትልቁ እሷ ናት ባይ ነኝ። መግቢያ አይከፈልባትም፤ ማንም "ምን ልጨምር?" አይልባትም፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይቀመጥባታል። ጠጅ ቤቱ ያጣውን አግዳሚ መንገዱ መልሶ ሰጥቶናል። የጎደላት ነገር ትንሽ ነው። ጎደሎዋ የሚሞላውም ከፈረሱት ሰፈሮች ሥራቸውን ያጡ ሴቶች በሙሉ በሚያውቁት ሙያ ነው።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በፒያሳና በካዛንቺስ የሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ላይ ጥቂት ትንንሽ ክፍሎችን በአነስተኛ ኪራይ ለነባሮቹ ሽሮ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና አዝማሪ ቤቶች እንዲያስቀሩ ይደረግ፤ የቀበሌ ቤት ለ50 ዓመት የሠራውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ቤት ከሌለ ያ ዓይነት ቤት ተመልሶ አይበቅልም። ሁለተኛው፣ በአግዳሚ ወንበሮቹ አጠገብ ንጽሕናዋን ጠብቃ፣ ከሰሏን በኤሌክትሪክ ምድጃ ለውጣ፣ ለቆሻሻዋ ኃላፊነት ወስዳ ለምትሠራ ቡና አፍይ የምሽት ፈቃድ ይሰጥ። ግብሩን ትክፈል፣ መታወቂያ ትልበስ፣ ቦታዋ በቀለም ይከለል። ለአንድ ረከቦት፣ ለአንድ ጀበናና ለስድስት በርጩማ የሚያስፈልገው ቦታ ከአራት ካሬ ሜትር አይበልጥም።